የረግረጉን ጋዝ የለካው ሊቅ ፤ የጆን ቲንዳል የሕይወት ታሪክ

በአየርላንድ አገር ገበሬና ከተሜ፣ የፓርላማ አባልና የሳይንስ ሊቅ ብዙ ዓመት የፈጀ ክርክር ይዘዋል። የክርክሩ መነሻ ሁለት ነው። አንደኛው ላም ስታመሰኳ ከአፏ የሚወጣው ሚቴን የተባለው ጋዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከረግረግ ተቆርጦ እንደ ማገዶ የሚነደው አፈር ነው። ሁለቱም የምድርን ሙቀት ይጨምራሉ ተብለው ተከሰዋል። ከሳሾቹም ሆኑ ተከላካዮቹ፣ ልዩ ልዩ ጋዞች ሙቀትን ምን ያህል እንደሚይዙ አስቀድሞ በመሣሪያ ለክቶ ያሳየው ሰው የዚያችው የአየርላንድ ልጅ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያነሡም። ስለዚህ ለዛሬው እሑድ የጆን ቲንዳልን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጋዝ ስንልም ለፋኖስ የሚገዛውን ፈሳሽ ማለታችን ሳይሆን፣ እንደ አየር የማይጨበጠውን ነገር ማለታችን ነው።

ቲንዳል ኦገስት 2 ቀን 1820 በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ ካርሎ በተባለው አውራጃ፣ በባሮው ወንዝ ዳር በተቀመጠችው ሌይሊንብሪጅ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ፖሊስ ነበር። የቤቱ ኑሮ የድኻ ኑሮ ቢሆንም አባትየው መጽሐፍ የሚወድና ለልጁ ትምህርት የማይሰስት ሰው ስለ ነበር፣ የመንደሩ ልጆች ገና በጨቅላነታቸው ወደ ሥራ ሲሰማሩ ጆን ግን ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ከትምህርት ቤት አልወጣም። በዚያም ሒሳብንና የመሬት ቅየሳን ከአንድ ጎበዝ የገጠር መምህር ተማረ።

የተወለደበትን አገር ጠባይ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የኋላው ነገር አይገባም። ከካርሎ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ ያለው የአየርላንድ መካከለኛ ምድር ዝናብ የማይለየው ሜዳና ረግረግ ነው። በረግረጉ ላይ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚመጥ ለስላሳ ተክል ይበቅላል። ተክሉ ሲሞት፣ ውሃው አየር ስለሚከለክለው ፈጽሞ አይበሰብስም። አንዱ በሌላው ላይ እየተጋደመ፣ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ እየወፈረ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ ጥልቀት ያለው ጥቁር አፈር ይሆናል። ይህም ፒት ይባላል። ባላገሩ ክረምታቸው ካለፈ በኋላ በልዩ አካፋ እንደ ጡብ እየቆረጠ ያወጣዋል፤ በነፋስና በፀሐይ አድርቆ ይከምረዋል፤ ብርዱ ሲመጣ በምድጃው ያነደዋል። የእኛ አገር ባላገር ኩበት ጠፍጥፎ፣ አድርቆ፣ ከምሮ ለክረምት እንደሚያቆየው ማለት ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ኩበቱ ያምና ሣር ነው። ከፒቱ የታችኛው ክፍል ግን የአክሱም ሐውልቶች ከመቆማቸው በፊት የበቀለ ነው።

ከረግረግ የሚገኘው ማገዶ ብቻ አይደለም። ጭቃው በበትር ሲነካ አረፋ እየተንቦጫረቀ ይወጣል። ይህንን አረፋ በ1776 በኢጣልያና በስዊስ ድንበር ባለው በማጆሬ ሐይቅ ዳር ሰብስቦ የመረመረውና የሚነድ ጋዝ መሆኑን ያረጋገጠው፣ በኋላ የኤሌክትሪክን ባትሪ የፈለሰፈው አሌሳንድሮ ቮልታ ነበር። በቲንዳል ዘመን ሊቃውንት የረግረግ ጋዝ ይሉት ነበር፤ ዛሬ ሚቴን የምንለው ይኸው ነው።

ቲንዳል በ1839 በመንግሥት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ገብቶ በቀያሽነትና በነዳፊነት አገለገለ። በ1842 ወደ እንግሊዝ አገር ተዛወረ። ይሁን እንጂ ስለ ደመወዝና ስለ አየርላንዳውያን ሠራተኞች አያያዝ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አቤቱታ በማቅረቡ በ1843 ከሥራው ተባረረ። አንደበቱን የማይገታ መሆኑ ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታይቷል፤ እስከ ሞቱም አልተለወጠም። ቀጥሎ በእንግሊዝ አገር የባቡር ሐዲድ በየአቅጣጫው ሲዘረጋ በቀያሽነት ብዙ ደከመ፤ በ1847 ደግሞ ኩዊንዉድ በተባለ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆነ። በዚያ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ወዳጁ ሆነና ሁለቱ ተማክረው በ1848 ያጠራቀሟትን ጥቂት ገንዘብ ይዘው ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር። ቋንቋውን እየተማረ፣ ከታላቁ ሊቅ ከቡንዘን እግር ሥር ተቀምጦ እየሠራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ወደ እንግሊዝ አገር ሲመለስ ግን ሥራ ፈላጊ ነበር። በመጨረሻ በ1853 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ማኅበር ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በዚያ ቤት የኤሌክትሪክ ሊቅ የሆነው ማይክል ፋራዴይ ነበር፤ እርሱም የአንጥረኛ ልጅ ነው። ሁለቱ ከድኻ ቤት የወጡ ሊቃውንት እስከ ፋራዴይ ሞት ድረስ እንደ አባትና ልጅ ሆነው ኖሩ። በ1867 ፋራዴይ ሲሞት ቦታውን የወረሰው ቲንዳል ነው።

ቲንዳል ወደ ጋዞቹ ጥያቄ እንዲገባ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ተራራ ነበር። ከ1856 ጀምሮ በየዓመቱ ወደ አልፕስ ተራሮች እየሄደ የበረዶውን ወንዝ አካሄድ ይመረምር ነበር። ተራራ መውጣትም ሱስ ሆነበት፤ በ1861 ቫይስሆርን የተባለውንና ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ከመሪዎቹ ጋር ሆኖ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ጫፉን ረገጠ። በእነዚያ ተራሮች ሸለቆዎች ውስጥ፣ ዛሬ በረዶ በሌለበት ቦታ፣ በጥንት ዘመን በረዶው እንደ ፈሰሰበት የሚያሳዩ የተፋቁ ዐለቶች አሉ። እንግዲያው የምድር ብርድና ሙቀት በዘመናት ተለዋውጧል ማለት ነው። ለውጡ ከምን መጣ የሚለው በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ሁሉ የሚያከራክር ነገር ነበር።

ፈረንሳዊው ፉርዬ በ1820ዎቹ ውስጥ፣ አየር የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን እንደሚያግድ ገምቶ ነበር። በ1856 ደግሞ ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት የመስተዋት ሲሊንደሮችን በፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላው ከተራው አየር ይልቅ አብልጦ እንደሚሞቅ ጻፈች። ቀዳሚነቷ ሊነገርላት ይገባል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስታ ቆይታለችና። ነገር ግን በእርሷ ሙከራ የፀሐይ ብርሃንና ከምድር የሚወጣው የማይታይ ሙቀት አልተለዩም ነበር። እርሱን ለይቶ የለካው ቲንዳል ነው።

መሣሪያውን እንግለጽ፤ ለነገሩ ሁሉ ቁልፉ እርሱ ነውና። ቲንዳል አራት ጫማ ያህል ርዝመት ያለው የናስ ቱቦ አሠራ። ሁለቱን አፎች በመስተዋት እንዳይዘጋቸው፣ መስተዋት የማይታየውን ሙቀት ያግዳል። ስለዚህ ሙቀትን የሚያሳልፈውን፣ እንደ አሞሌ ያለውን የማዕድን ጨው ጥርት እስኪል ድረስ አስፍቆ እንደ መስኮት ገጠመበት። በቱቦው አንድ ጫፍ የፈላ ውሃ የያዘ የመዳብ ሣጥን አስቀመጠ። በሌላው ጫፍ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ አቆመ፤ እርሱም ከመርፌ ጋር ተያይዟል። ከመሣሪያው በስተ ኋላ ደግሞ ሌላ የፈላ ውሃ ሣጥን አኖረ። ሁለቱ ሙቀቶች እንደ ሚዛን ጎንና ጎን እኩል ሲሆኑ መርፌው ዜሮ ላይ ይቆማል። ከዚያ የቱቦው አየር በፓምፕ ይወጣና የሚፈለገው ጋዝ ይገባበታል። ጋዙ ሙቀቱን ካገደ ሚዛኑ ያዘነብላል፤ መርፌውም ይንቀሳቀሳል። መርፌው ምን ያህል እንደ ሄደ ሲነበብ፣ ጋዙ የበላው ሙቀት መጠን ታወቀ ማለት ነው።

በ1859 በሜይ ወር የመጀመሪያው ውጤት ተገኘ፤ በጁን 10 ቀን የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በተገኙበት ጉባኤ ሙከራውን በአደባባይ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት መጸው ላይ ሳምንታት ሙሉ፣ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ከቱቦው ሳይለይ ሠራ። መርፌው የሰው ሰውነት ሙቀት ሲቀርበው እንኳ የሚደነግጥ ስለ ነበር ብዙ ቀን ተቸግሯል። ውጤቱ ግን ድካሙን የሚክስ ነበር። የአየር ዋነኞቹ ክፍሎች ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ሙቀቱን ባዶ ቦታ እንደሚያሳልፈው ያህል አሳለፉት። በአየር ውስጥ በጥቂቱ ብቻ የሚገኙት የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አገዱት። ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ፣ የተራውን አየር እገዳ 1 ብንለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 90 ሆነ፤ የረግረጉ ጋዝ ደግሞ 403። ለዓይን ሁለቱም እንደ አየር የጠሩና የማይታዩ ናቸው። በሙቀት ፊት ግን አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ ወፍራም ጋቢ ሆኖ ተገኘ።

በፌብሩዋሪ 1861 ይህንን ለእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበ ጊዜ፣ የእነዚህ ጋዞች መጠን ቢለዋወጥ የምድር የአየር ጠባይ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ሊቃውንት በዐለት ላይ የሚያነቡት የጥንት ለውጥም ከዚህ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በተለይም የሚቴን ዘመዶች የሆኑት፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩት ጋዞች፣ ለመገመት በሚያዳግት አነስተኛ መጠን እንኳ በአየር ውስጥ ቢቀላቀሉ ታላቅ ለውጥ ያመጣሉ አለ። ላምና ረግረግ አልጠራም፤ በዚያ ዘመን የከብት ትንፋሽ የአየርን ጠባይ ይለውጣል ብሎ ያሰበ የለም። በእኛ አስተያየት ግን የዛሬው ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ሥራው በዚህ ጽሑፍ የማያልቅ ነው። ብርሃን በጥቃቅን ብናኝ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደሚበተን መርምሮ ስለ ሰማይ ሰማያዊነት አስተማረ፤ ንጹሕ አየር ሥጋን እንደማያበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት በብናኝ ላይ የሚጓዙ ተሐዋስያን መሆናቸውን በማሳየት የፓስተርን ትምህርት ረዳ፤ እሳት አጥፊዎች በጢስ ውስጥ የሚተነፍሱበትን ጭንብል ሠራ። በ1872 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ያስተማረበትን ትርፍ ሁሉ ለአሜሪካ ወጣቶች የሳይንስ ትምህርት መርጃ ሰጠ። በ1874 በቤልፋስት ከተማ ባደረገው ንግግር የፍጥረትን ታሪክ መመርመር የሳይንስ ሥራ ነው በማለቱ ቀሳውስቱ ተቆጡት። ከሊቃውንትም ጋር ብዙ ተጣልቷል፤ አንዳንዱ ጠብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያለ ፍሬ የቀረ ነው።

በ1876፣ በሃምሳ አምስት ዓመቱ፣ ሉዊዛ ሐሚልተን የተባለችውን ከእርሱ ብዙ የምታንስ ሴት አገባ። ልጅ አልወለዱም፤ እርሷ ግን በሙከራውም በጽሕፈቱም ረዳቱ ሆነች። በእርጅናው እንቅልፍ ስለ ነሣው ክሎራል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ለሆዱም ማግኔዝያ ይወስድ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1893 ጠዋት ሉዊዛ ጠርሙሶቹ ተሳስተውባት ክሎራሉን በማግኔዝያው ምትክ ሰጠችው። ስሕተቱ ወዲያው ቢታወቅም የሐኪም ጥረት አላተረፈውም፤ በዚያው ቀን ሞተ። ሉዊዛ ከእርሱ በኋላ አርባ ስድስት ዓመት ኖረች። ወረቀቱን ሁሉ እየሰበሰበች ታሪኩን ልጽፍ ስትል፣ ሳይፈጸምላት በ1940 ዐረፈች። ሙሉ ታሪኩን የያዘው መጽሐፍ በሌሎች እጅ በ1945 ወጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ሚዥዮት የተባለ የቤልጅግ ሊቅ የፀሐይን ጨረር ሲመረምር በምድር አየር ውስጥ ሁሉ ሚቴን መኖሩን አገኘ። ቲንዳል በቱቦ ውስጥ ያሰረው ጋዝ በራሳችን ላይ ሲንሳፈፍ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ልኬት፣ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአንድ ቢልዮን የአየር ክፍል ውስጥ 700 ያህል የነበረው ሚቴን ዛሬ ከ1900 በላይ ደርሷል። ሚቴን በአየር ውስጥ የሚቆየው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ መቶዎችና ሺህዎች ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሊቃውንት ሁለቱን በክብደት ሲያወዳድሩ በመቶ ዓመት ሒሳብ አንድ ኪሎ ሚቴን ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እስከ 30 እጥፍ ያሞቃል ይላሉ፤ በሃያ ዓመት ሒሳብ ግን ከ80 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ከቲንዳል ሠንጠረዥ ጋር አንድ ዓይነት ልኬት አይደለም፤ እርሱ የለካው ጋዙ በቱቦ ውስጥ የሚያግደውን ሙቀት እንጂ በአየር ውስጥ የሚቆይበትን ዕድሜ አልነበረም።

የአየርላንድ ገበሬ የሚሟገተው በዚሁ ዕድሜ ነው። በአገሩ ሰባት ሚልዮን ያህል የቀንድ ከብት አለ፤ ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። አገሪቱ ከምታወጣቸው አሙቂ ጋዞች ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከእርሻ ይመጣል። ላም የበላችው ሣር በመጀመሪያው ሆዷ ሲብላላ፣ በዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ሚቴን ይሠራሉ፤ እርሷም በማግሳት ታወጣዋለች። ገበሬው፣ ካርቦኑ ከዚያው ዓመት ሣር የመጣ ነው፤ ጋዙም በጥቂት ዓመት ይጠፋል፤ የከብቴ ቁጥር ካልጨመረ ሙቀት አልጨምርም ይላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሆኖም ሣሩ በሜዳ ላይ ቢበሰብስ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይመለስ ነበር፤ በላሟ ሆድ ሲያልፍ ግን ከፊሉ ጋቢውን ለብሶ ይወጣል። ደግሞም በአውሮፓ የወተት ኮታ በ2015 ከተነሣ ወዲህ የአየርላንድ የወተት ላሞች ቁጥር ጨምሮ ነበር። መንግሥት በ2022 እርሻው ከ2018 መጠን 25 በመቶ በ2030 እንዲቀንስ ወሰነ፤ ከረዥም ጭቅጭቅ በኋላ ማለት ነው። ሚቴኑ ዕድሜው አጭር መሆኑ ገበሬውን ነጻ የሚያወጣው አይመስለንም፤ ይልቁንም ዛሬ የተቀነሰው ሚቴን ውጤቱ በዚሁ ትውልድ ዕድሜ የሚታይ መሆኑን ያሳያል።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ከፍተኛ የቀንድ ከብት ቁጥር ያላት አገራችን ናት። ግን የእኛ ላም ነገር ይለያል። መኖ ያነሳት፣ በሽታ ያደከማት ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ጥቂት ሲሆን፣ ሆዷ ግን ሥራውን አያቋርጥም፤ ስለዚህ በአንድ ሊትር ወተት ሒሳብ የሚወጣው ሚቴን ይበዛል። መኖዋ ሲሻሻልና ጤናዋ ሲጠበቅ ወተቷ ይጨምራል፤ የሊትሩም ዕዳ ያንሳል። ለእኛ ባላገር በዚህ ረገድ የሚጠቅመውና አየሩን የሚጠቅመው አንድ መንገድ ነው፤ በአየርላንድ ግን ላሞቹ ቀድሞውኑ የጠገቡ ናቸው።

የረግረጉ ሙግት ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ዕድሜ የሚመሰክረው በማገዶው ላይ ነውና። ረግረግ ከዓለም መሬት 3 በመቶ ያህል ብቻ ቢሸፍንም በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ይዟል። ውሃው በቦይ ተጠንፍፎ ሲደርቅ ባይነድም እንኳ በአየር እየተበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሲነድ ደግሞ የሺህ ዓመት ክምችት በአንድ ሌሊት ጢስ ሆኖ ይወጣል። በ1946 የተቋቋመው ቦርድ ና ሞና የተባለው የመንግሥት ድርጅት ለብዙ ዓመት በመኪና እያጨደ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲያቀርብ ኖሮ በ2021 ጃንዋሪ ቁፋሮውን ማቆሙን አስታወቀ። ለብዙ መንደሮች እንጀራ ነበርና ኀዘኑ ቀላል አልነበረም። በ2022 መጨረሻ ፒትን በሱቅ መሸጥ ተከለከለ፤ በዚያም ጊዜ ዋነኛው ምክንያት የጢሱ ለጤና ጎጂነት ነበር። በአባት በአያቱ የመቁረጥ መብት ያለው ቤተ ሰብ ግን ለራሱ ምድጃ ቆርጦ እንዲያነድ ተፈቀደለት።

ቦይ ይቆፍሩ ከነበሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ዛሬ በዚያው ረግረግ ላይ ቦዩን ይደፍናሉ። ውሃው ሲመለስ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጣት ይገታል፤ የሚቴኑ አረፋ ግን መልሶ ይነሣል። በረዥም ጊዜ ሒሳብ ማርጠቡ እንደሚሻል አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምን ያህል እንደሚወጣ ግን ከረግረግ ረግረግ ይለያያል። ስለዚህ በየቦታው ቋሚ መሣሪያ ተተክሎ ይለካል። የመሣሪያው አሠራር የማይታየውን ጨረር በአየሩ ውስጥ አሳልፎ፣ ከማዶ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደ ጎደለ ማንበብ ነው።